ስድስተኛው መስመር

እሁድ ጠዋት ካራካስ ውስጥ ኦማይራ የፈረስ ውርርድ መስኮቷን ስትከፍት፣ ሁልጊዜ ቀድማ የምትገኘው ያቺው ሴት ናት። ስሟን ጠይቃት አታውቅም። ሴትየዋ የተተኮሰ ሰማያዊ ቀሚስ ትለብሳለች፤ እጇ ላይ ያሰረችው የወንድ ሰዓት ሰፍቷት ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። ባሏ በእርሳስ የጻፈውን ብጣሽ ወረቀት አውጥታ ትዘረጋለች፤ ለስድስት ውድድር ስድስት ፈረስ፣ ሁሉም በአንድ ትኬት።

ችግሩ፣ ፈረሶቹ የሮጡት ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው፤ ባሏ ግን ዛሬም የሚሮጡ ይመስለዋል።

«እትዬ፣ ሉሴሮ የሚባል ዛሬ የለም እኮ።»

«ሞቷል። የልጅ ልጁ ሦስተኛው ውድድር ላይ አለች፤ እሷን አድርጊልኝ።»

ሴትየዋ ዘር ያልተረፈለትን ደግሞ በተሸከመው ክብደትና በመነሻ በሩ እያመሳከረች፣ የሚመስለውን ትፈልግለታለች። ከኋላዋ የተሰለፈ ጎረምሳ፣ «እናቴ፣ እርስዎ ሲመርጡ ፈረሶቹ ሮጠው ገቡ እኮ!» ሲል ሰልፉ ይስቃል። እሷ ቀና አትልም።

ዛሬ ወረቀቱ ላይ ያለው አምስት ስም ብቻ ነው። ስድስተኛው መስመር ላይ እርሳሱ ተጭኖ የቆመበት ነጥብ አለ፤ ሌላ የለም።

«ይቺን እንኳ እርስዎ ይምረጡ» አለቻት ኦማይራ። «ከማንም በላይ ያውቁበታል። አራት ቁጥርን የሚቀድመው የለም።»

ሴትየዋ ነጥቡን በጣቷ ዳሰሰችው።

«አይ፣ ልጄ። ስድስተኛው ውድድር ላይ ያሉትን አሥራ ሁለቱንም ፈረስ አድርጊልኝ።»

«ሁሉንም? ዋጋው አሥራ ሁለት እጥፍ ይሆናል እኮ!»

«ይሁን። ቤት ስመለስ ‹ማን ገባ?› ብሎ ይጠይቀኛል። የገባው ሁሉ የሱ ይሁን።»