ቀዳዳው አለት ጋ ማን ይቅደም

አጎቴ ጋሼ ካረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዘንድሮ አሜሪካ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብቻዬን ነድቼ ባሕሩ ጋ ሄድኩ። እዚያ ንፋስና ማዕበል እንደ በር የቦረቦሩት አለት አለ። ሰመር በመጣ ቁጥር አብረን እንሄድ ነበር፤ በሩ ጋ ስንደርስ ጋሼ ይቆማሉ።

«ግባ።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!»

«በሞቴ! ያንተን ቦርጭ ካሳለፈ እኔን አያቅተውም።»

ስንግደረደር ማዕበሉ መጥቶ ሁለታችንንም ያበሰብሰናል። ሁሌም እኔ ተሸንፌ እገባና ከማዶ እጃቸውን ይዤ አሳልፋቸዋለሁ።

ዘንድሮ የሚከራከረኝ ስለሌለ ጫማዬ ሳይረጥብ አለፍኩ። ከማዶ ግን እንደ ልማዴ ዞሬ እጄን ዘረጋሁ። ከኋላዬ የነበሩ አንድ አሮጊት ፈረንጅ ለሳቸው መስሏቸው «ታንክ ዩ፣ ሃኒ» ብለው ያዙኝ። «ለአጎቴ ነው» ማለት አቅቶኝ፣ ቀስ ብዬ ደግፌ አሳለፍኳቸው።