የአባቴ ቴስተር

አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህ ያልተነካውን የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ከቁም ሳጥን ስር ሳወጣው የቆዳ ቦርሳው አሁንም ቤንዚንና የቡና ገለፈት ይሸታል። ሽታው ያን የእሁድ ጠዋት ይዞብኝ መጣ።

አባቴ የቡ ከምትባለው የገጠር ከተማ ቡና የሚያመላልስባት ፒክአፕ ነበረችው። በዚያ ዓመት ለቀማው ሲጀመር ዳገት ላይ እንደ እልኸኛ በቅሎ ትዘልበት ጀመር። ወንድሜ፣ ስኳሩ እግርዎን አደንዝዞታል፣ መንዳት ይቅርብዎ እያለ ይወተውተዋል። አባቴ ግን ጥፋቱን ሁሉ በአንዲት ትንሽ ሴንሰር ላይ ጫነው፤ ነዳጁ ምን ያህል እንደተረገጠ ለሞተሩ የምትናገረው እሷ ናት። እሷ ከተቀየረች እኔም እነዳለሁ አለ። መካኒክ ጋ እንሂድ ብንለው እሺ አላለም፤ ለእሱ መካኒክ ሁሉ ሌባ ነበር፣ የገዛ አጎቴን ጨምሮ።

ቦሳ አዲስ ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ ኮፈኑን ከፈትን። አባቴ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፈተ። ወንድሜ የቴስተሩን ገመዶች ከሴንሰሯ ሽቦ ጋር አገናኝቶ ያዘ፣ አባቴ መሪው ጋ ተቀምጦ ነዳጁን በቀስታ ረገጠ፣ እኔ የቴስተሩን መርፌ አያለሁ። ሴንሰሯ ደህና ከሆነች መርፌዋ ሳትደናቀፍ መውጣት ነበረባት። ወጣች፣ ቆመች፣ ዘለለች፣ ተመልሳ ወደቀች። ስነግረው ፊቱ በራ። እኔም ስለ እሱ ደስ አለኝ።

እስቲ በዓይኔ ልያት ብሎ ወረደና ቦታ ተቀያየርን። ወንበሩ ገና በእሱ ሙቀት ይሞቅ ነበር።

“ሱታ” አለኝ፤ ቀስ በይ ሲል ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። ቀስ ብዬ ረገጥኩ። የተከፈተው ኮፈን ስለጋረዳቸው ፊታቸው አይታየኝም። ጎረቤት የተሰጣ ቡና ሲገላበጥ ይሰማኛል። ድገሚው አለኝ፣ ደገምኩት። ደግሞ ድገሚው አለኝ።

በመጨረሻ አባቴ ኮፈኑን ዘጋና በሩ ጋ መጥቶ ቆመ።

“በአንቺ እግር መርፌዋ ሳትደናቀፍ ወጣች። መኪናዋ ደህና ናት፣ አልሃምዱሊላህ” አለ።

ቁልፉን ነቅዬ ስዘረጋለት እጁን አላነሳም። “አንቺ ጋ ይሁን።” ምን ልበልህ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ጀምሮ ከዚያ ቁልፍ በላይ የምፈልገው ነገር አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ቁልፉን መጣል አማረኝ።

በማግስቱ የቡ ድረስ የነዳሁት እኔ ነበርኩ። አባቴ ጎኔ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ዳገቱ ላይ ነዳጅ ስጨምር ዝቅ ብዬ አየሁ፤ ቀኝ እግሩ ከእኔ እኩል ባዶውን ወለል ይረግጥ ነበር። “ሱታ” ይላል በለሆሳስ። ለእኔ ይሁን ለእግሩ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።