ወደ ምዕራብ ያልዞረው ሕፃን

በዚያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። የአጥቢያው ቄስ በሩ አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ከጥቁር ሰሌዳው ጎን፣ እኔ ዘወትር በምቆምበት ቦታ ላይ ቆሟል። ልጆቹ በየአግዳሚው ተቀምጠዋል። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ግን መስኮቱ ሥር ቆማለች፤ ተቀመጪ ብላትም እሺ አላለችም። እናቷ ከአጥሩ ውጭ፣ በመስኮቱ ትይዩ ነበረች። ወንድ ልጅ ከወለደች አርባ ቀን ስላልሞላት ወደ ቅጽሩ አትገባም። ሕፃኑ ቢሞትም ቀኑ ያው ይቆጠራል።

እኔ መካከል ላይ ነኝ። የተጠራሁት ባለፈው እሑድ ለዚያች ልጅ የመለስኩላትን መልስ በሁሉም ፊት እንዳርም ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው በዚህ አጥቢያ ሕፃናትን አስተምራለሁ። ያለፈው እሑድ ትምህርት ስለ ጥምቀት ነበር። ለጎንደር ልጅ ጥምቀት ሲባል የሚታየው የጥር ወር በዓልና የጥምቀተ ባሕሩ ገንዳ ውኃ ነው። "እኔ በየዓመቱ ነው የምጠመቀው፤ ዘልዬ እገባለሁ" ብሎ የሚፎክር አይጠፋም። በዓሉ መታሰቢያ እንደሆነ፣ ሰው የሚጠመቀው ግን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው።

በቃል ብቻ የነገሩት ቶሎ ስለሚረሳ አስነሳኋቸው። ሕፃን ክርስትና ሲነሳ የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ታቅፈውት በመጀመሪያ ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዱለታል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረው ያምኑለታል። ነጠላዬን እንደ ሕፃን ጠቅልዬ በየተራ አሳቀፍኳቸውና "ወደ ምዕራብ ዙሩ" አልኩ። ግማሾቹ ወደ መንገዱ ዞሩ።

"ሰይጣን ሚኒባሶቹ ጋ ነው እንዴ?" አለ አንዱ።

"ታዲያስ! ረዳቶቹን አታያቸውም?" አለው ሌላው።

ተሳሳቁ። እኔንም ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር።

ያች ልጅ አልሳቀችም። ተራዋ ሲደርስ ነጠላውን ታቅፋ ወደ ምዕራብ ዞረችና እዚያው ቀረች።

"አሁን ወደ ምሥራቅ" አልኳት።

"የኛ ሕፃን የሚያዞረው ሰው ሳያገኝ ነው የሞተው" አለች። "ፊቱን ወደዚያ እንዳደረገ ቀረ አይደል?"

ሕፃኑ ታሞ ቢሆን ኖሮ ቄስ ተጠርቶ አርባ ቀኑ ሳይደርስም ይጠመቅ ነበር። ግን አልታመመም። ተኝቶ አደረ፤ ጠዋት አልነቃም። ያለ ፍትሐት የተቀበረ ሕፃን ነፍሱ የት እንደምትሄድ በልጅ ፊት የሚያወሩ ጎረቤቶች ደግሞ አሉን። ከማን እንደሰማች አልጠየቅኋትም።

"ወንድምሽ ወደ ምዕራብም አልዞረ" አልኳት። "ማንን ተከትሎ ያውቃልና ማንን ይክዳል? እሱ ያለው እግዚአብሔር ዘንድ ነው።"

ነጠላውን እንዳቀፈች ወደ ምሥራቅ ዞረች።

በሳምንቱ መካከል ሊቀ መንበሩ ቤቴ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም።

"ምነው እትዬ፣ እርስዎን የሚያህል ሰው!" አለኝ። "ሳይጠመቅም እግዚአብሔር ዘንድ ነው ከተባለ ማን ልጁን በቀኑ ያመጣል?"

"በፍርሃት ብቻ የሚያመጣ ከሆነ እኔን ለምን ያስተምሩ አላችሁኝ?"

"እርስዎ ሊቅ ነዎት?"

"አይደለሁም። የጠየቀችው ግን እኔን ነው።"

ቆቡን አንሥቶ ተነሳ። "እሑድ በልጆቹ ፊት ያርሙታል። እምቢ ካሉ ክፍሉን ለሌላ ሰው እንሰጣለን" ብሎኝ ወጣ።

ከዚያ ክፍል ሌላ ከቤት የሚያወጣኝ ነገር የለም። ስለዚህ ጉዳይ ይህን ያህል ካልኩ ይበቃል።

እንግዲህ እሑድ ደረሰና እንደተባለው ቆምን።

"እንግዲህ እትዬ" አለ ሊቀ መንበሩ። "ባጭሩ።"

ወደ ቄሱ ዞርኩ። "አባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

"ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ያልተጠመቀ ፍትሐት የለውም" አሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "የቀረውን እግዚአብሔር ያውቃል" አሉ።

"እኔም የተናገርኩት ስለ ቀረው ነው" አልኩ።

"ይህ እርማት አይደለም" አለ ሊቀ መንበሩ።

"አይደለም።"

"እማማ፣ ዛሬ አንዞርም?" አለ ያ ስለ ረዳቶቹ የቀለደው ልጅ። ጓደኛው በክርኑ ጎሸመው።

መስኮቱ ክፍት ነበር። ድምፄን ከወትሮው ከፍ አደረግሁ።

"ልጆች፣ ያስተማርኳችሁ አንዱም አልተለወጠም። ጥምቀት አንዲት ናት። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሳሉ። ቤታችሁ ሕፃን ሲወለድ ቀኑ አይለፈው ብላችሁ ለእናቶቻችሁ ንገሩ። ለእሷ የመለስኩላትም እንደዚሁ አልተለወጠም። ወንድሟ እግዚአብሔር ዘንድ ነው። ይህን አላርምም፤ ዛሬም፣ ሌላ እሑድ ብጠራም።"

ልጅቷ ከመስኮቱ ሥር ሄዳ ከጓደኞቿ አጠገብ ተቀመጠች።

"ቁልፉን" አለ ሊቀ መንበሩ።

ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ጠመኔውንም ከጎኑ አስቀመጥኩ። ነጠላዬን አጣፋሁ። ቄሱ ከበሩ ገለል አሉልኝ።

በቅጽሩ በር ወጥቼ፣ በእናትየዋ አጠገብ አልፌ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።