አባቴ የተለማመደው ንግግር

በቀደም ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ በተሰጠን የአመራር ሥልጠና፣ አንድ ባልደረባችን «ኃላፊነትን መቀበል» የሚለውን መልመጃ ሊያቀርብ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ያ ድምፅ በደርግ ዘመን ወደኖርንበት፣ ታቦር ሰፈር ወዳለው ቤታችን መለሰኝ።

አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ ኃላፊ ነበር። የማሽን ዘይት በሚሸት ሸሚዙ መስታወት ፊት ቆሞ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ በማግስቱ ስብሰባ ላይ የሚያቀርበውን ግለሂስ ይለማመዳል። መስታወቱ የተሰነጠቀ ይመስለኛል፤ ስንጥቁን ኋላ የጨመርኩት እኔ እሆናለሁ።

«ጓዶች፣ ማሽኑ የተበላሸው በእኔ ጥፋት ነው።»

«ያቺ ሠራተኛህ ብርቄ ማሽኑ ላይ አንቀላፍታ አይደል እንዴ?» አለች እናቴ። «ጓዶችህ የንስሐ አባት መሰሉህ?»

«ከአራስነቷ ሳትጠና ሌሊት ፈረቃ የመደብኳት እኔ ነኝ። ሰው የሚመራ፣ ጥፋተኛ ሲፈለግ ፊት ይቆማል።»

በትምህርት ቤታችን ፊት የሚቆመው ተሸላሚ ስለነበር፣ እኔ ሽልማቱን ስጠብቅ አደርኩ።

አባቴ ከኃላፊነቱ ተነስቶ ጥጥ ተሸካሚ ሆነ። ብርቄ ከሥራዋ አልተባረረችም። እናቴ እንደነገረችኝ ከሆነ፣ መነሳቱ ሲነገር አዳራሹ በሙሉ አጨብጭቧል፤ ብርቄም ጭምር።

ባልደረባችን «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ንግግሩን ሲጨርስ ሠልጣኞቹ አጨበጨቡ። የእኔ እጆች ግን ጠረጴዛው ላይ ቀሩ።