ዘይነባ ያሳመረችው ጓዳ

ቡታጅራ ልጅ እያለሁ፣ ገና ላልተወለደ ሕፃን ቤት ማሳመር የሚፈራ ነገር ነበር። ነውር ነው የሚል ባይኖርም የምታደርገው ሴት አልነበረችም። መጠቅለያ ጨርቅ እንኳ አስቀድሞ አይቀደድም፤ ሕፃኑ መጥቶ፣ የልቅሶው ድምፅ ከተሰማ በኋላ ነው ሁሉም ሰው ወዲያ ወዲህ የሚለው። የአጎቴ ሚስት ዘይነባ ግን ይህን አልሰማም አለች።

አጎቴ ሸምሱ ልብስ ሰፊ ነበር። ገበያው ዳር፣ አንድ ጨው ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ይውላል። የእነሱን ቤት ከእኛ ቤት የሚለየው አንድ ረድፍ እንሰት ብቻ ነበር። ዘይነባን ያገባት ከወልቂጤ በኩል ነው። ያኔ ወልቂጤ ለእኛ ሩቅ አገር ነበረች፤ በእግር ተራራውን መሻገር፣ በመኪና ደግሞ አዲስ አበባ ገብቶ መዞር ያስፈልጋል። ስለዚህ ዘይነባ በቡታጅራ ከባሏና ከእኛ ሌላ ዘመድ አልነበራትም። ከተጋቡ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም ልጅ አላገኙም። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን እናቴ ጋ ጥዬ የምሮጠው ወደ እሷ ነበር። ልብሷ ሁልጊዜ አዲስ አቡጀዲ አቡጀዲ ይሸት ነበር፤ ቤቷ ውስጥ ምንጣፉም፣ ሰፌዱም፣ ትራሱም ላይ የተበጣጠሰ ክር አይጠፋም።

ያረገዘችበት ዓመት በርበሬው እንደ ጉድ የያዘበት ነው። በዙሪያችን ባሉት የመስቃን መንደሮች ደጃፍ ሁሉ ቀይ በርበሬ ለፀሐይ ተሰጥቶ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ትምህርት ቤቱ ሙሉ እያስነጠስን እንስቅ ነበር። ሆዷ መግፋት ሲጀምር ዘይነባ አንድ ቀን ጠዋት ጓዳውን ባዶ አደረገችው። የቆጮ መጠቅለያውን፣ እንስራውን፣ አሮጌውን የጅባ ምንጣፍ አንድ በአንድ አውጥታ ደጅ ደረደረች። ጓዳው ጭስ የጠገበ፣ ግድግዳው እንደ ከሰል የጠቆረ ነበር። እኔን ጠርታ፣ «ሰዓዳ፣ ነይ ጭቃ እናቡካ» አለችኝ። ጭድ ከጭቃ ጋር በእግራችን ስንረግጥ፣ ጭቃው በጣቶቼ መካከል ሲወጣ የነበረው ቅዝቃዜ ዛሬም እግሬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

አያቴ በእንሰቱ መካከል መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ዘይነባ፣ ልጄ፣ ይሄ ነገር ይቅርብሽ። አላህ ሲሰጥሽ ያኔ ይደረጋል።»

«እማማ፣ አላህማ ሰጠኝ እኮ» አለች ዘይነባ፣ በጭቃ እጇ ሆዷን ነካ አድርጋ። «ስንት ዓመት የለመንኩት እንግዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም?»

አያቴ «አላህ ያውቅልሽ» ብላ ተመለሰች። በበነጋው ግን አንድ ቅል ሙሉ ነጭ አፈር ይዛ መጥታ መሬት ላይ አስቀምጣላት ሄደች።

ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ዘይነባ በዚያ ነጭ አፈር ቀባችው። ከዚያ መሳል ጀመረች። ቀዩን አፈር ከወንዝ ዳር እኔ አመጣሁላት፤ ጥቁሩን ከከሰል ፈጨችው፤ ሰማያዊውን ደግሞ ነጭ ልብስ ከሚነከርበት ዱቄት በጠበጠችው። የዶሮ ላባ ጫፉን እየነከረች ወፍ ሳለች፣ እንሰት ሳለች፣ ከእናቷ ጋር የምትሄድ ጥጃ ሳለች። ጥጃዋ ውሻ ትመስል ነበር። እንዲያ ስላት ዘይነባ ሆዷን ይዛ እስክትቀመጥ ሳቀች። «ምን ቸገረን! ልጄ ሲያድግ ራሱ ያስተካክላታል» አለችኝ።

አጎቴ ሸምሱ መጀመሪያ ሰውን እያፈረ ጓዳውን እንዳላየ ያልፈው ነበር። ኋላ ግን እሱም ተሸነፈ። ከሰፋቸው ልብሶች የተረፈውን ቁርጥራጭ እየገጣጠመ የጓዳ መጋረጃ ሠራ። ቡታጅራ ሙሉ በሙሉ እዚያ መጋረጃ ላይ ነበረች ማለት ይቻላል። የመምህራችን ካኪ ኮት፣ ባለፈው ዓመት የተዳረችው ሙሽራ ቀሚስ፣ የዳኛው ሱሪ፣ የእኔ የኢድ ልብስ፤ ከሁሉም ቁራሽ ቁራሽ ነበረበት። የሰቀለው ዕለት ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ሲያዩት እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። አጎቴ በቀስታ፣ «የአራስ ቤት ሳይሆን የንጉሥ ቤት አስመሰልሽው እኮ» አላት። ዘይነባ ራሷን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ባልና ሚስት በሰው ፊት እንዲህ ሲሆኑ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ምጧ የመጣው በገበያ ቀን ነበር። እኛ ልጆቹ ወደ ጎረቤት ተባረርን። በዚያ ቀንም አልወለደችም፣ በማግስቱም። አዋላጇ ሴትዮ ፊቷ ተለዋውጦ ስትወጣ አየኋት። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ትሂድ ተባለ። የመኪናው መንገድ ገና አዲስ ነበር፤ በርበሬ የጫነ መኪና ተለምኖ ጆንያው ግማሹ ተራገፈላትና በቃሬዛ አወጧት፤ አያቴና አጎቴም ተከተሏት። ስታልፍ አየችኝ። «ሰዓዳ፣ ዶሮ እንዳይገባ የጓዳውን በር ዝጊልኝ» አለችኝ። ከእሷ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። ሮጬ ሄጄ በሩን ዘጋሁላት።

መኪናው ሲመለስ ልጆቹ ሁሉ እልል ለማለት መንገድ ዳር ቆመን ነበር። መጀመሪያ አያቴ ወረደች፤ ነጠላ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ከዚያ አጎቴ ወረደ። እሱ ማንንም አላየም። ዞሮ ከኋላ የተኛውን ነገር ለማውረድ እጁን ሲዘረጋ የእናቴ ጩኸት መንደሩን ሞላው። ልጅቷ ተርፋለች፤ ዘይነባ ግን ደሟ አልቆም ብሎ እዚያው ሐኪም ቤት አልፋለች። ልጇን አይታት ይሁን ሳታያት ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ፤ አያቴ እስክትሞት ድረስ አልመለሰችልኝም።

ሕፃኗ ራህመት ተባለች። አጎቴ ጓዳውን የሚከፍት ሰው እንዳላይ ስላለ እኛ ቤት፣ እናቴ ጎን ነበር የምትተኛው። ጥጥ በላም ወተት እየነከርን እናጠባት ነበር፤ አልስማማት አለ። በመጨረሻ የዘይነባ እናት ከወልቂጤ መጡ። እዚያ የምታጠባ የዘይነባ እህት ነበረች። አጎቴ ሕፃኗን አቅፎ እስከ መኪናው ሸኛት፣ ከዚያ ቤቱ ገብቶ አካፋ አነሳ።

የሰማነው ግድግዳው ሲፋቅ ነው። ሮጠን ስንደርስ ጓዳው አቧራ በአቧራ ሆኗል፤ አጎቴ ፊቱ ነጭ አፈር ለብሶ፣ እንባው መስመር መስመር ሠርቶበት ይፍቃል። ያን ጓዳ ገና ከጅምሩ ያልወደደችው አያቴ አካፋው ላይ ተጠመጠመች።

«ተው ሸምሱ! ተው ልጄ! የሷ እጅ ነው እኮ! እጇን ነው የምትፍቀው!»

«እማዬ ልቀቂኝ! እያየሁት መኖር አልችልም!»

ማንም አላቆመውም። ሲጨርስ ግድግዳው ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሌላ ሴት አላገባም።

ራህመት ሰባት ዓመት ሲሆናት አባቷን ልትጠይቅ መጣች። ቁርጥ እናቷን ነበረች። ገብታ ሰላምታ እንደጨረሰች፣ «እናቴ የሳለችው የቱ ጋ ነው?» አለች። ወልቂጤ ሆና ሰምታ ኖሯል። አጎቴ ወደ ደጅ ወጣ። እኔ ያኔ ኮረዳ ነበርኩ፤ እጇን ይዤ ጓዳ አስገባኋትና ባዶውን የጭቃ ግድግዳ እያሳየሁ ነገርኳት። እዚህ ጋ እንሰት ነበር፤ እዚህ ጋ ውሻ የምትመስል ጥጃ። ራህመት ባልኳት ቦታ ሁሉ መዳፏን ታሳርፋለች።

«እዚህስ?»

«እዚህ ወፍ ነበር፤ ቀይ ወፍ።»

«ቀይ አይደለም» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። አጎቴ በሩ ላይ ቆሟል። «ሰማያዊ ነው። ቀዩ አፈር አልቆባት ነበር።» ወደ ውስጥ ገባ፤ ከልጁ ጎን ተንበረከከ። በጣቱ ግድግዳው ላይ ክንፉን፣ ጭራውን፣ ምንቃሩን እየሳለ ያሳያት ጀመር። በገዛ እጁ የፋቀውን ሁሉ አንድ ሳይቀር ያስታውሰው ነበር። እኔ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

እነዚያ ሰዎች ዛሬ የሉም። ቡታጅራም ወልቂጤም ፎቅ በፎቅ ሆነዋል፤ በሁለቱ መካከል መመላለስም እንደ ድሮው አያስፈራም። አምና ራህመት ልጇ ልትወልድ ነው ብላ ወልቂጤ ጠራችኝ። ልጅቷ በአሁኑ ጊዜ ደንብ ለሕፃኗ ክፍል አዘጋጅታለች። ሴት መሆኗ አስቀድሞ ታውቋል፤ ቀለሙ በቆርቆሮ ተገዝቶ ግድግዳው ተቀብቷል፣ አልጋው ተገጣጥሟል፣ መጋረጃው ላይ ኮከብ አለበት። የሚፈራ ሰው የለም። ራህመት ብቻ በዚያ በር ስታልፍ አንገቷን ታዞራለች፤ ወራቱ እስኪያልፍ አንዴም አልገባችም። ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት፣ ልጇም ምክንያቱን ስለምታውቅ አላስገደደቻትም።

አልሃምዱሊላህ፣ በሰላም ወለደች። ከሆስፒታል ስንመለስ ልጅቷ ክፍሉ በር ላይ ቆም አለችና ሕፃኗን ወደ ራህመት ዘረጋች።

«እማዬ፣ አንቺ ይዘሻት ግቢ። ይህን ላንቺ ብዬ ነው የተውኩት።»

ራህመት እጇን ወደኋላ ሰበሰበች።

«አይሆንም፣ ልጄ። እናቷ ነሽ፤ አንቺ አስገቢያት።»

ልጅቷ ሕፃኗን አቅፋ ገባች። እኛ ከውጭ ቆመን፣ መጋረጃውን ገልጣ ብርሃን ስታስገባ፣ ጎንበስ ብላ ለልጇ የሆነ ነገር ስታንሾካሹክ አየናት። ራህመት ሻርፗን አፏ ላይ ጭና አየቻቸው። ከዚያ ክንዴን ጨብጣ፣ ልጇ እንዳትሰማ በቀስታ፣ «እትዬ ሰዓዳ፣ እናቴም እንዲህ ልታደርገኝ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ልክ እንዲህ ነበር።»