የኋላ ጎማዬ

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማልረሳው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ የሬዲዮ ዜና ሊያሰማ ሲንኳኳ ጣቶቼ በማስቲሽ ተጣብቀው ስለነበር ነው። ያ ሽታ ዛሬም አልለቀቀኝም። ባለፈው ሳምንት ከቢሮ ስወጣ አንድ ጎሚስታ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ከመነዳሪ ሲለጥፍ አየሁ። አልፌው ሄድኩና ተመለስኩ። ምን ፈለግሽ እንዳይለኝ ፈርቼ ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩና አሸተትኩ። ከዚያ ወዲህ ነው ይሄን ለአንድ ሰው መንገር አለብኝ ያልኩት። ላንቺ ካልነገርኩ ደግሞ ለማንም አልነግርም።

መቱ ነበርን፤ በደርግ ጊዜ። አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ የወባ ሠራተኛ ሆኖ በየገጠሩ ሲዞር የኖረባትን ቻይና ሠራሽ ጥቁር ብስክሌት ጉልበቱ ሲደክም ለኔ ተዋት። ጓደኛዬም ልክ እንደኔው ዓይነት ብስክሌት ነበራት። የሷን የተወላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሲሄድ ቁልፏን አንገቷ ላይ አንጠልጥሎላት ነው የሄደው። እሷ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። በአፍ ግን በአስር ዓመት። እኔ ሱቅ ገብቼ ክብሪት ስጡኝ ማለት የሚከብደኝ ልጅ ነበርኩ። እሷ በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች፤ ገበያተኛውን ሁሉ ታስቃለች፤ መምህር ሲጠይቀኝ እንኳ «ማለት የፈለገችው» ብላ ትመልስልኛለች። ስሜንም የምትጠራው አልፎ አልፎ ነበር። «ጭጬ» ነበር የምትለኝ።

በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ሶር ወንዝ በሚወርደው የጫካ መንገድ እንነዳ ነበር። ዝናብ ያባራ ጠዋት ከሆነ የእርጥብ ቡና ቅጠል ሽታ ከመሬት ይነሳል፤ ብርሃኑ በትልልቆቹ ዛፎች መሐል ተቆራርጦ መንገዱ ላይ ይወድቃል፤ ከላይ ጉሬዛዎች ቅርንጫፍ እያንቀጠቀጡ ይዘላሉ። አንድ ጊዜ እስከ ያዮ ድረስ ሄደን ንብ አናቢዎች ማር በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ሰጥተውን፣ ስንመለስ መሪው ሁሉ ማር ሆኖ እጃችን እየተጣበቀ ተቸግረን ነበር። ብስክሌቶቻችን ማርሽ የላቸውም። ዳገቱን የምንወጣው በጉልበትና በስድብ ነው። እሷ ከኋላዬ ሆና «ውጪ አንቺ ጥንዚዛ! ኢሾ! ኢሾ!» ትላለች። ቁልቁለት ላይ ደግሞ እኔ ነኝ «ሱታ! ሱታ!» ብዬ የምለምናት። ኢሾ በርቺ፣ ሱታ ቀስ በይ ማለት ነው። ቀስ አትልም። ስለዚህ በየሳምንቱ የኋላ ጎማዋ ራጂ ይሰበራል፤ ራጂ የምንላቸው ቸርኬውን ከመሐሉ ጋር የሚያያይዙትን ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። በየሳምንቱ የምቀይርላት እኔ ነበርኩ።

ይሄን ሥራ ያስተማሩኝ ገበያው ዳር ብስክሌት የሚጠግኑት ጋሼ ናቸው። ከስልጤ አገር መጥተው መቱ ላይ ያረጁ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ፤ ከኔ ጋር የተስማማነውም ለዚያ ይመስለኛል። ያን ክረምት የኔን የኋላ ጎማ ሙሉ በሙሉ ፈትተን እንደገና ሠራነው። አርባ ራጂ። አንዱን በአንዱ ላይ እያሻገርኩ፣ በየተራ እያጠበቅኩ፣ በጥፍሬ እየመታሁ ድምፁን ማዳመጥ። «የላላ ራጂ ድምፁ ያስታውቃል» ይሉኛል። «ሁሉም አንድ ዓይነት ሲጮህ ድንጋይ አይሰብረውም።» ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻም ፒኞኑን፣ ካቴናው የሚያርፍበትን ባለ ጥርስ ክብ፣ አውጥተው በትልቅ ለወጡልኝ። ሜዳ ላይ ትንሽ ያዘገያል፤ ዳገት ላይ ግን እግርን ያሳርፋል። ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ከኋላዬ ሆና መሳደቧ ቀረ። አልደረሰችብኝማ።

በመስከረም የከተማው ስፖርት ኮሚቴ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሴቶች በጎሬ መንገድ እስከ ሁለተኛው ዳገት ሄደው ይመለሳሉ፤ አንደኛ የወጣችው ክፍለ ሀገሩን ወክላ አዲስ አበባ ትወዳደራለች። በዚያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ ከተማ መሄድ እንኳ ከባድ ነበር። እኔ ከኢሉባቦር ወጥቼ አላውቅም። ይሁንና አዲስ አበባን ማየቱ ብቻ አልነበረም ያጓጓኝ። ሳልናገር የምችለው አንድ ነገር ይሄ ነበር። ማንም «ማለት የፈለገችው» ሳይልልኝ፣ በራሴ እግር ሄጄ፣ ይህች ናት እንድባል ፈልጌ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ለሷ ብቻ ነገርኳት።

ሳቀች። «አንቺ አዲስ አበባ ሄደሽ ማንን ልታናግሪ ነው? እኔን ላኪኝ፤ ላንቺም ጨምሬ አወራልሻለሁ» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ።

እና ያ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት። ውድድሩ በማግስቱ እሁድ ነው፤ እሷም ተመዝግባለች። ጋሼ ደጃፍ ተቀምጬ የፊት ጎማዬን ከመነዳሪ ስለጥፍ መጣች። የነሱ ቤት መነሻው ቦታ አጠገብ ነው። «ሂጂ ፀጉርሽን ታጠቢ፤ ነገ ፎቶ ያነሱሻል» አለችኝ። «ሁለቱንም እኛ ቤት አሳድራቸዋለሁ። ግራሶ እቀባቸዋለሁ። አንዳንዴ እንኳ እኔ ልሥራልሽ እንጂ።» ደስ አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስሠራላት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ብስክሌቴን አስረከብኳትና ፀጉሬን ልታጠብ ሄድኩ።

እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ አምስት ሴቶች ተሰለፍን። ብስክሌቴ ተወልውላ ታበራለች። የካቴናው መሸፈኛ ፒኞኑን ስለሚጋርደው ዓይኔ ያየው ነገር የለም። ፊሽካ ተነፋ። የመጀመሪያው ዳገት ላይ እግሬ ከበደኝ። ፍርሃት ነው አልኩ። ሰው ሲያየኝ ሁሌም እንዲህ ነው የምሆነው፣ ዛሬም ፈራሁ፣ አልኩ። ይሄ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ፤ ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ራሴን እየሰደብኩ ነው። ጓደኛዬ እየተንሳፈፈች አለፈችኝ። «ኢሾ ጭጬ!» አለችኝ ስታልፍ። ፊቷን ግን አላዞረችም።

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ልደርስባት ብዬ ፍሬኑን ለቀቅኩት። ከበስተኋላዬ ጠሽ አለ። ደግሞ ጠሽ፣ ጠሽ። ራጂዎቹ ነበሩ። ከዚያ ቸርኬው ተጣመመና ቆልፎ ያዘኝ፤ አቧራው ውስጥ በጉልበቴ ተንሸራተትኩ። ስነሳ መንገዱ ላይ ማንም የለም። ከታች ከከተማው ጭብጨባ ይሰማል።

የብስክሌቴን ኋላ አንጠልጥዬ በእግሬ ወረድኩና መጀመሪያ ያገኘሁት የጋሼን ሱቅ ነው። ጉልበቴ እየደማ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸው ጎማው ላይ ነው።

«ይሄ ያንቺ አይደለም» አሉኝ።

«የኔ ነው ጋሼ። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ለቅቄው ነው እንጂ»

«እኔ እጄ የነካውን አጣለሁ? ፒኞኑን እዪ። ይሄ ትንሹ ነው። የጓደኛሽ ነው ይሄ። ባለፈው ሳምንት ደጄ ላይ የጠገንሽው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት አብረን ኮሚቴው ጋ እንሄዳለን። እኔ እመሰክርልሻለሁ። ወላሂ ውድድሩ ይደገማል።»

መጀመሪያ ልጠይቃት አልኳቸው። ተሳስታ ይሆናል፤ ግራሶ ስትቀባ ሁለቱንም ጎማ ፈትታ ስትመልስ ተቀላቅሎባት ይሆናል። ይሄን ሰበብ እየሰበሰብኩላት ነው እቤቷ የደረስኩት።

አንደኛ ወጥታ ግቢው እንኳን ደስ ያለሽ ሊሏት በመጣ ጎረቤት ተሞልቶ ነበር። እናቷ፣ ገበያ ላይ ቅቤ የሚሸጡት እትዬ፣ ለሰው ሁሉ እርጎ ይቀዳሉ። ብስክሌቷ ግድግዳው ላይ ተደግፋለች። ሄጄ በጥፍሬ ራጂዎቹን መታሁ። አርባውም አንድ ዓይነት ጮኹ። ሰው ሁሉ ዞሮ እያየኝ ተናገርኩ።

«ጎማዬን ቀይረሻል?»

«ምን?»

«የኋላ ጎማዬን። ተሳስተሽ ነው?»

በሩን ከፍቼላት ነበር እኮ። አዎ ተሳስቼ ነው ብትል ያበቃ ነበር። ፊቷ አንድ ጊዜ ደም ለበሰና እጇን ወደ ላይ አነሳች።

«ወንድሜ ይሙት አልነካሁም!»

አንቺ ይሄ መሐላ ተራ ነገር ሊመስልሽ ይችላል። በየመንገዱ የሚማል ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ፣ ልጅ የዘመተበት ቤት ውስጥ፣ እንዲህ ተብሎ አይማልም ነበር። ወንድሟ ከሄደ ጀምሮ እናቷ «ይሙት» የሚለውን ቃል ከግቢው አጥፍተውታል፤ በቀልድ እንኳ የተናገረ ልጅ በማማሰያ ይመታ ነበር። የመጨረሻው ደብዳቤው ከደረሰ ወራት አልፈዋል። እና እሷ በዚያ ግቢ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሱ ማለች።

እናቷ እርጎውን መሬት አስቀመጡና በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ። አንዲት ጎረቤት «በወንድሟ እስክትምል ድረስ ታስጨንቂያታለሽ? ምን ዓይነት ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው። በወንድሟ ሐሰት ትምላለች ብሎ የሚያስብ ሰው እዚያ አልነበረም። እሷም ታውቃለች። የመረጠችውም ለዚያ ነው።

ወደ ቤቴ ስሄድ ያለቀስኩ ይመስልሻል። አላለቀስኩም። የጎማው ነገር እንኳ ትንሽ ሆኖ ታየኝ። ወንድሟ ዘመቻ ሲሄድ አብረን ነበር የሸኘነው፤ መኪናው ላይ ሆኖ ለሁለታችንም ነው እጁን ያወዛወዘው። እኔን መክዳቷን እሺ፤ እሱን ግን እንዴት ሰጠችው? ዩኒቨርሲቲ ስገባ እንዲህ ያለ መሐላ ሰው እንደማይገድል የሚያስረዱኝ ብዙ ብልህ ሰዎች አገኘሁ። እኔም እንደነሱ አስባለሁ። ያን ዕለት ግን አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ መሐላው ከተራራ ተራራ እየዘለለ ወደ ሰሜን ሲሄድ ይታየኝ ነበር። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እኔና ጋሼ ኮሚቴው ፊት ቆመን ሐሰት መሆኑን ስናስመሰክር ደግሞ እሱ ላይ ይደርሳል። የወንድሟን ነገር እንዳትጠይቂኝ። እኔ መቱን እስክለቅ ድረስ ደብዳቤ አልመጣም ነበር።

ሰኞ ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ ከቤት ወጥቼ ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ጉም ነበር። እናቷ ነጠላቸውን ተከናንበው በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ እንዳልተኙ ያስታውቃሉ። ሲያዩኝ ተነሱና እጄን ያዙ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔን ገላግሊኝ። በሐሰት ነው የማለችው? በሱ ላይ ነው እኮ የማለችው።»

«በእውነት ነው እትዬ። ጎማውን አልነካችም። እኔ ነኝ የቀየርኩላት፤ ቅዳሜ። የሷ ደካማ ነው ብዬ የኔን ሰጥቻት ነው።»

«ታዲያ ትናንት ምን ሆነሽ?»

«ወድቄ ተናድጄ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ግንባሬን ሳሙኝ። እንባቸው ፀጉሬ ውስጥ ገባ። ተቆጡኝም፤ ሰው እንዲህ ይቀልዳል ወይ፣ ልቤን እኮ ልታፈርሺው ነበር፣ እያሉ እጄን ግን አይለቁትም። በትከሻቸው ላይ አሻግሬ ሳይ ጓደኛዬ በሩ ላይ ቆማለች፤ ፀጉሯ አልተበጠረም። ሁሉንም ሰምታለች። ስለኔ ስትናገር ለኖረችው ልጅ ያን ዕለት እኔ ተናገርኩላት።

ብስክሌቷ እንደ ትናንቱ ግድግዳው ላይ ነበረች። የኋላው ጎማ ብሎን በቀኝ በኩል በደንብ አልጠበቀም፤ አንድ ሌላ ቁልቁለት ብትወርድበት ይወጣ ነበር። መፍቻ ስጪኝ አልኳት። አመጣች። እጄ ላይ ሳይሆን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው። አጥብቄላት ወጣሁ።

ጋሼ ሱቁ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ለበዓል የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል፤ ጫማቸውን ወልውለዋል። የተጣመመውን ጎማ በጋዜጣ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘውታል።

«ጋሼ፣ ጎማውን እኔ ነኝ የሰጠኋት» አልኳቸው።

ትኩር ብለው አዩኝ።

«ማይ እስቲ» አሉኝ።

አልማልኩም። ኮታቸውን አወለቁና ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት።