ዶክተሩ በገደል በኩል የመጡ ለት

ባለፈው ሳምንት መንጋጋዬን ሲጠዘጥዘኝ ሰንብቶ አሶሳ ውስጥ ከተከፈቱት አዳዲስ የጥርስ ክሊኒኮች አንዱ ጋ ሄድኩና፣ ሐኪሟ ገና ጓንቷን ሳታጠልቅ የቅርንፉድ ዘይት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሌላው ሰው ይህን ሽታ ሲሸተው ተነስቶ መሮጥ ያምረዋል፤ እኔ ግን፣ አንድ ቦታ አሥር ደቂቃ መቀመጥ የማልችለው ሴትዮ፣ ወንበሩ ላይ ተንጋልዬ ጸጥ አልኩ። ሐኪሟ «አትፈሪም እንዴ?» አለችኝ። አፌን እንደከፈትኩ ቀና ብዬ ኮርኒሱን አየሁት፤ ነጭ ነው፣ ንጹህ ነው፣ ምንም የለበትም። እኔ ልጅ ሆኜ የማውቀው የጥርስ ሐኪም ቤት ኮርኒስ ላይ ተራራ ነበረበት።

ያኔ ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ውስጥ ቀለሙ ያልደረቀ ታፔላ ያልተሰቀለበት ቢሮ አልነበረም፤ በየቀኑ አንድ ሰው ከሌላ አገር አቧራ በለበሰ መኪና ይመጣና የአንድ ነገር ኃላፊ ይሆናል። አባቴ የአንዱ ቢሮ ሾፌር ነበር፣ እናቴ ደግሞ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ናት። ዶክተር በላይነህ ተመድበው ከመጡት አንዱ ነበሩ። ለከተማችን የመጀመሪያው የጥርስ ዶክተር እሳቸው ናቸው ይባላል፤ ከእሳቸው በፊት ጥርሱን ያመመው ሰው ወይ ጉጠት ያለው ጎረቤት ይፈልጋል፣ ወይ ራሱ እስኪወልቅ ይጠብቃል።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥፍራቸው ሥር ሰማያዊ ቀለም የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ሩሲያ ሊማሩ ሄደው ከጥርሱ ጋር ሁለት ነገር ጨምረው መጡ፤ ሥዕል መሳልና ገመድ ታጥቆ ተራራ መውጣት። እንጀራቸው ጥርስ ይሁን እንጂ ልባቸው ያለው እዚያ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ተራራ ወዳዱን ሰው መድበው የላኩት ወደ ቆላ ነው። እኛ ተራራ የምንለውን ከከተማው ጀርባ ያለውን ድንጋያማ ኮረብታ መጀመሪያ ሲያዩት «ይኼማ ብጉር ነው» አሉ አሉ። እየቆየ ግን ብጉሩን ለመዱት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው፣ የቀለም ሳጥናቸውን አንግተው፣ መዶሻቸውን ወገባቸው ላይ ሽጠው ሲወጡ እኛ ልጆች እስከ ኮረብታው ሥር እንሸኛቸው ነበር።

እኛ አገር ድንጋይ በመዶሻ የሚመታ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወርቅ። ስለዚህ አንድ ሚሊሻ ተመድቦ ይከታተላቸው ጀመር። ምስኪኑ ሰውዬ ስንት ቅዳሜ ሙሉ ከኋላ ከኋላቸው ሲንጠላጠል ከርሞ ለአለቆቹ ያቀረበው ሪፖርት ሰፈሩን ሁሉ ሲያስቅ ከረመ። «ወጡ፣ ተቀመጡ፣ ማዶውን ሳሉ፣ ወረዱ። ወርቅ የለም። ጤናም የለም» አለ አሉ።

ቢሮዎቹ ቀለም የሚያውቅ ሰው ሲያጡ እሳቸውን ይለምኑ ነበር። የክልሉን ሕዝቦች አንድ ግድግዳ ላይ እንዲስሉ ሲጠየቁ በርታውንም፣ ጉሙዙንም፣ ሺናሻውንም፣ ማኦና ኮሞውንም ጎን ለጎን አቁመው ሁሉንም አፋቸውን ከፍተው አሳቋቸው፤ ጥርሳቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ኃላፊው ኮስተር ያለ ነገር ይጠብቁ ስለነበር ቅር አላቸው። ዶክተሩ «አፉን የገጠመ ሰው መሳል አልችልበትም» ብለው ድርቅ አሉና ሥዕሉ እንደሳቀ ቀረ።

ክሊኒካቸው ጤና ጣቢያው ግቢ ጥግ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። መሰርሰሪያቸው እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ ነው፤ ወንበሩ ከፀጉር አስተካካይ ቤት የመጣ ይመስላል። ታካሚው ወደ ኋላ ሲንጋለል ኮርኒሱ ላይ እሳቸው የሳሉት፣ አናቱ በበረዶ የተሸፈነ ግዙፍ ተራራ ይጠብቀዋል። በዚያ ከተማ በረዶ የለበሰ ተራራ አይቶ የሚያውቅ ማን አለ። አንዱ «ጨው ነው?» ሌላው «ዱቄት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት እሳቸው ጉጠቱን ይከታሉ። ሐዋ የምትባል የበርታ ሴት ክፍሏን ታጸዳለች፣ ታስተረጉማለች፣ የፈራውን ሰው እጅ ትይዛለች። አማርኛዋ ሴትና ወንድ፣ ትልቅና ትንሽ አይለይም፤ ዶክተሩን «አንቺ ዶክተር» ትላቸዋለች፣ እሳቸውም «አቤት ሐዋ» ይሏታል።

እንግዲህ በአንዱ ክረምት ወንድሜ ሰይድ ታመመ። ገና መቀመጥ የጀመረ ሕፃን ነበር። ተቅማጥና ትኩሳት ያዘው፤ መጀመሪያ ያለቅስ ነበር፣ ቀጥሎ እንባው ደረቀ፣ ከዚያ ድምፁም ጠፋ፤ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገባ። አባቴ መኪና ይዞ ካማሺ ሄዶ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶበት እዚያው ቀርቷል። ጎረቤቶች የልጁን ከንፈር ገለጥ አድርገው ድዱ ላይ ነጣ ያለ እብጠት አዩና አንድ ቃል ተናገሩ፤ ግግ። ግግ የያዘው ልጅ ድዱ ተቆርጦ ትሉ ካልወጣለት ይሞታል ማለት ለእናቴ ዝናብ ሲዘንብ መሬት ይርሳል እንደማለት ነው። የእሷም ወጥቷል፣ የእኔም ወጥቷል፤ የላይ ክራንቻ ጥርሴ ጠማማና ቡናማ ሆኖ የቀረው በዚያ ነው።

እናቴ ግን ነቅቻለሁ የምትል ሴት ነበረች። ግግ በዛገ ነገር ሲወጣ ልጅ እንደሚመረዝ ሰምታለች። ስለዚህ አወጣች አወረደችና፣ ከተማው ውስጥ ንጹህ ጉጠት ያለው፣ ጥርስ ማውጣት ሥራው የሆነ ሰው እያለ ምን አስጨነቀኝ አለች። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይስቅ ይሆናል፤ ለእኛ ሰፈር ግን ከዚህ የበለጠ ብልህ ሐሳብ አልነበረም። ሰይድን አዝላ፣ እኔን አስከትላ ሄደች።

«ዶክተር፣ ግጉን በንጹሕ ዕቃ እንዲያወጡልኝ ነው» አለቻቸው።

ዶክተሩ የልጁን ከንፈር ገልጠው አይተው፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁትና ፊታቸው ተለዋወጠ። «ግግ የሚባል ነገር የለም። ይኼ ያልወጣ ጥርሱ ነው። ልጁ ውሃ አልቆበታል። እኔ አልነካውም፣ ሌላም ሰው እንዳይነካው። አሁኑኑ ነርሷ ጋ ውሰጂው።»

እውነቱን ለመናገር አነጋገራቸው ደስ አይልም ነበር፤ ከድንጋይ ጋር መዋል የለመደ ሰው አፍ ነው። በዚያ ላይ ነርሷ በር ላይ ያለው ሰልፍ እስከ ግቢው በር ደርሷል። እናቴ ልጁን ከእጃቸው ላይ መንጠቅ በቀረው ሁኔታ ወሰደችና «ጥርስ የማይነቅል የጥርስ ሐኪም፤ ይኼንንም አየን» ብላ ወጣች። እኔ ከኋላ ስሮጥ ሐዋ ክንዴን ያዘችኝ።

«እናትሽ የት ይሄዳል?»

«እማ ሩቅያ ጋ፣ አምባ» አልኳት።

እማ ሩቅያ የእናቴ አክስት ናት። ከኮረብታው ማዶ ካሉት የሰፋሪ መንደሮች፣ አምባ ከምንላቸው፣ በአንዱ ትኖር ነበር፤ በአካባቢው እንጥል የምትቆርጠውም ግግ የምታወጣውም እሷ ናት። መንገዱ ኮረብታውን ዞሮ በድልድዩ በኩል ነው የሚሄደው። እህል የሚያመላልስ ትራክተር አግኝተን ተሳቢው ላይ ወጣን። ካፊያው አያቋርጥም፤ ጭቃው እየያዘን በየመንገዱ እንቆማለን፤ ሰይድ እናቴ ጭን ላይ እንደ ባዶ ከረጢት ተዘርግቷል። እኔ ትራክተሩ እንዲፈጥን በልቤ ዱዓ አደርግ ነበር፤ እማ ሩቅያ ቶሎ እንድትቆርጠው።

ስንደርስ ልጁን አየችና «አብሽሪ፣ ደርሰሽበታል» አለቻት እናቴን። ጫፉን በድንጋይ የሞረደችው የብስክሌት ጎማ ሽቦ አላት፤ ፍሙ ውስጥ ከተተችው። እናቴ ሰይድን አስተኝታ ራሱን ያዘች። እኔን እግሩን ያዢ አሉኝና ያዝኩ። እግሩ ይቀዘቅዝ ነበር።

ሽቦው መቅላት ሲጀምር ውሻው ጓሮ በኩል ጮኸ። ከእማ ሩቅያ ቤት ጀርባ ኮረብታው በገደል ነው የሚያልቀው፤ በዚያ በኩል ዝንጀሮ እንጂ ሰው መጥቶ አያውቅም። ወጥተን ስናይ ዶክተር በላይነህ ከነጋውናቸው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ በገመድ ተንጠልጥለው ይወርዳሉ። ሐዋ ነግራቸው ኖሯል፤ እኛ ኮረብታውን ስንዞር እሳቸው በላዩ ቆርጠው መጡ።

«ቢስሚላህ» አለች እማ ሩቅያ። «ይኼ ሰው ነው?»

«የጥርስ ሐኪሙ ናቸው» አለች እናቴ፣ ፊቷን አዙራ።

ይጮኻሉ፣ ሽቦውን ይነጥቃሉ ብዬ ነበር። መንገድ ላይ አስበውበት ይሁን ትንፋሽ አጥሯቸው እንጃ፣ ደጃፉ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ እናቴ። ርቦኛል» አሉ።

ወሎዬ ቤት ይህን ቃል የተናገረ ሰው በልቶ ሳይጠግብ ሌላ ሥራ አይሠራም። እማ ሩቅያ ሽቦውን አየች፣ እንግዳውን አየች፣ ሽቦውን ከፍሙ አውጥታ ጥግ አስቀመጠችና የእጅ ውሃ አመጣች። የበቆሎ ቂጣ በእርጎ ቀረበ። እንደዚያ ቀስ ብሎ የሚበላ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አንዷን ቁራሽ ያላምጧታል፣ ያላምጧታል፣ በመሃል ደግሞ ለእናቴ «እኔ እስክጨርስ እስቲ የፈላ ውሃ ላይ ስኳርና ጨው ነካ አድርጊና በማንኪያ አቅምሺው፤ ምን ይጎዳል» ይሏታል። እሷም የእንግዳ ቃል አይመለስምና ታቀምሰዋለች። ቂጣው ሲያልቅ ሌላ ይመጣል፤ እንግዳ በቃኝ እስኪል ይጨመርለታል፣ እሳቸው ደግሞ በቃኝ አይሉም።

እንዲህ እንዲህ እያሉ በግራ እጃቸው ከሰል አንስተው ግድግዳው ላይ መሳል ጀመሩ። መጀመሪያ የሰይድን ፊት ሳሉ፤ ያን ሰዓት የነበረውን የተጨማደደውን ሳይሆን ጉንጩ የሞላውን። ቀጥለው መንጋጋውን፣ መንጋጋው ውስጥ ደግሞ እንደ በቆሎ እሸት ፍሬ በሽፋናቸው ውስጥ ተደርድረው ተራቸውን የሚጠብቁ ጥርሶች። እማ ሩቅያ ቀረብ ብላ አንዱ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«እኔ የማወጣው ትል ይኼ ነው?»

«እሱ ነው። ያልጠነከረ ጥርስ ነው እናቴ፤ ለስላሳ ስለሆነ ነው ትል የሚመስለው።»

«ስንቱ ልጅ ድኖበታል» አለች፤ ድምጿ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ዶክተሩ እጃቸውን ጋውናቸው ላይ ጠረጉና «እንግዳ የለመነውን አትከለክሉም ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ። «እስከ ዓርብ ስጡኝ። ዓርብ ልጁ ካልተሻለው በራሴ ጉጠት እኔው አወጣዋለሁ።»

እናቴ አክስቷን አየች። እማ ሩቅያ ግድግዳውን አየችና «ሰጠንህ» አለች።

እህል ጭኖ በሚመለሰው በዚያው ትራክተር ይዘውን ተመለሱ። ሰይድ ጤና ጣቢያ ተኛ፤ ሐዋ ውሃ ታፈላለች፣ እናቴ በማንኪያ ታጠጣለች፣ ያስመልሰዋል፣ እንደገና ታጠጣዋለች። ዶክተሩ የሰው ጥርስ እየሰረሰሩ አቋርጠው ይመጡና ዓይኑን አይተው ይመለሳሉ፤ ወንበሩ ላይ የቀረው ሰውዬ አፉን ከፍቶ ተራራውን ሲያይ ይቆያል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰይድ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ፣ ጉንጩ ላይም እንባ ወረደ። እናቴ እንባውን በጣቷ ነክታ አሳየቻቸው።

«ካውካሰስ ተራራ ላይ ገመዴ ሲበጠስ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም» አሉ ዶክተሩ።

«ዓርብ ቢደርስ ምን ሊያደርጉ ነበር?» አለቻቸው እናቴ።

«ሌላ ዓርብ እለምናለሁ።»

ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ እስከ ነርሷ ክፍል ተሰምቶ መጥታ ተቆጣችን።

እማ ሩቅያ ተሳስቻለሁ ብላ አታውቅም። ግን ከዚያ ወዲህ ልጅ ይዛ ለመጣች ሁሉ መጀመሪያ «እስከ ዓርብ በስኳርና በጨው ውሃ አቆዪው» ማለት ጀመረች፤ የሕክምናዋ አንድ ክፍል አደረገችው። ዓርብ ሲደርስ አብዛኛው ልጅ ሽቦውን አይፈልግም ነበር። ሰው እሷን ሲያመሰግን ዶክተሩ ሰምተው ደስ አላቸው እንጂ አላረሙም።

ዓመት ሳይሞላ ዝውውር መጣላቸው፤ ወደ ሰሜን፣ እውነተኛ ተራራ ወዳለበት። ሲሄዱ እንደ ልጅ ፈንድቀው ነው የሄዱት፤ ከዚያ በኋላ ወሬያቸውን አልሰማሁም። ግድግዳ ላይ መሳል ክፉ ልማድ ነው። የእማ ሩቅያ ግድግዳ በጭቃ ተለቀለቀ፣ ሳቂታዎቹ የነበሩበት ቢሮ ፈርሶ ፎቅ ቆመበት፣ ኮርኒሱን ከነተራራው ምስጥ በላው። የዛሬዎቹ ሐኪሞች ጎበዞች ናቸው፣ አያሳምሙም፣ አልከራከርም። ቆርጦ የተነሳ ሰው በአንድ ከሰል ሽቦ ያስጥላል ብዬ ብነግራቸው ግን የሚያምኑኝ አይመስለኝም።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው። ክራንቻ ከፊት ጥርሶች ዘግይቶ ነው የሚወጣው፤ ዶክተሩ ሲሄዱ የሰይድ ገና ነበር። ያን ያህል የተሟገቱለትን ጥርስ ሳያዩት ሄዱ። በወጣ ጊዜ እናቴ፣ እንደሌሉ እያወቀች፣ ልጁን አዝላ እዚያች ክፍል ሄደች። ሐዋ ባዶውን ክፍል ትጠርግ ነበር። መጥረጊያዋን አስቀምጣ፣ እጇን ታጥባ፣ ጣቷን ሰይድ አፍ ውስጥ ከታ የላይ ድዱን ዳሰሰች። ሰይድ ነከሳት። ጣቷን ሳታወጣ «ጠንካራ ናት» አለች።

«ተዪው» አለች እናቴ፣ «ይንከስ።»